የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከጨቅላ ጋር ድንኳን ማደር፣ ለተሳቢም ማደሪያ መፈለግ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አውጥተናል፤ አንዱ ከአዲስ እናት፣ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከአያት። አብረው መውጣታቸው በምክንያት ነው። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ የከረመ ተሳቢ ውስጥ ያለው ፍራሽና አጎበር፣ በጋ ሲገባ ሕፃን የሚተኛበትና የሚጋረድበት ይሆናል። አንዱን ጥያቄ ያለ ሌላው መመለስ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ከመውለዴ በፊት ከባለቤቴ ጋር ከከተማ ወጥተን ድንኳን ተክለን ማደር እንወድ ነበር። ልጃችን አሁን ሁለት ወር ከሳምንት ሆኗታል፤ የምትጠባው ጡት ብቻ ነው። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ስትነሳ ለገና እረፍት ላንጋኖ፣ ወንጪ ወይም መናገሻ ሱባ ይዘናት ለማደር አስበናል። የትኛው ይሻላል? ምን ምን እንያዝ? (እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎ። ከሦስቱ ለዚህ ዕድሜ የምንመርጠው መናገሻ ሱባን ነው፤ ጊዜውን ግን ከገና ወደ የካቲት ቢገፉት ይሻላል እንላለን።

ከሕፃን ጋር ለማደር ቦታ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከፍታው ነው። የአዲስ አበባ መሀል 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ሲወርዱ የወባ አገር ይጀምራል፤ ወደ 3,000 ሲወጡ ደግሞ ሌሊቱ ለጨቅላ የሚከብድ ብርድ ነው። የሚመቸው በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

ላንጋኖ 1,585 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ወባ ያለበት አካባቢ ነው። በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ዝናቡ አቁሞ ሰው ሁሉ ዕቃውን ጭኖ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድበት ጊዜ መሆኑ ነው ክፋቱ። ወባ ሕፃን ላይ በፍጥነት ይበረታል፤ የመከላከያ መድኃኒቱም በክብደት ተለክቶ በሐኪም ካልታዘዘ አይሰጥም። ዲት (DEET) የሚባል ኬሚካል ያለበት የትንኝ ማባረሪያ ቅባት ከሁለት ወር በታች ላለ ልጅ ፈጽሞ አይቀባም፤ ከዚያ በኋላም እጅና ፊት ላይ አይደረግም፣ ልጅ እጁን ወደ አፉ ይወስዳልና። የሚቀረው አጎበር ነው። አጎበር ደግሞ የሚረዳው ልጅቷ ከሥሩ እስካለች ነው፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሰው ገና እራት ሳይበላ መንከስ ትጀምራለች። ቢሾፍቱም ቅርብ ናት ብለው አይዘናጉ፤ ከ2,000 ሜትር በታች ናት።

ወንጪ በተቃራኒው ከፍ ይላል። የእሳተ ገሞራው አፋፍ 3,380 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ አፋፉ ላይ የሚተከል ድንኳን ከአራት ኪሎ አስፋልት በ6 ዲግሪ የበረደ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አራት ኪሎ የሚተኙት በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ ነው። አየሩም ይሳሳል። ለቀን ሽርሽር ደርሶ መመለስ ጥሩ ነው፤ አዳሩን ግን ልጅቷ ዓመት እስኪሞላት ያቆዩት።

መናገሻ ሱባ ከከተማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደኑ የታችኛው ክፍል ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም ስለማይርቅ ልጅቷ የለመደችው አየር ነው፤ ጥዱና ዝግባውም ነፋስ ይሰብራል። ከሁሉ በላይ ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ወደ ከተማ ሆስፒታል መመለስ ይቻላል። የመጨረሻው መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ ግን በቀን ይድረሱ።

ጊዜውን ለምን ወደ የካቲት? ታኅሣሥና ጥር በደጋ የውርጭ ወራት ናቸው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ሁሉ ትለቀዋለች፤ ንጋት ላይ 5 ዲግሪና ከዚያም በታች መውረድ አለ። በየካቲት ሌሊቱ ይለዝባል፣ በልግ ቀድሞ ቢመጣ እንኳ ጣሪያው ድርብ የሆነ ድንኳን ይችለዋል። ክትባቱም ሌላ ምክንያት ነው። የ45 ቀኑን ወስዳለች፣ የሁለት ወር ተኩሉ ደርሷል፤ የሦስት ወር ተኩሉ ግን ለገና ይቀራታል፣ በየካቲት ይጠናቀቃል።

አሁን ወደ መኝታው እንምጣ፤ ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ብርዱን ፈርተው ልጁን በጋቢ ይጠቀልሉና በሁለቱ መካከል ያስተኙታል። ጋቢ ሌሊት ይፈታል፣ ፊት ላይ ይወጣል፤ የሦስት የአራት ወር ልጅ ደግሞ አፍንጫዋን የሸፈነውን ጨርቅ ማንሳት አትችልም። ከእናት ጋር በአንድ የመኝታ ከረጢት ማስተኛትም፣ ነፋስ በሚሞላ ፍራሽ ላይ ማስተኛትም ያው የመታፈን አደጋ አለው።

እንዲህ ያድርጉ። ብርዱ በአብዛኛው የሚገባው ከሥር ነውና ከድንኳኑ ወለል ይጀምሩ፦ ከታች ሸራ፣ በላዩ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ስፖንጅ፣ በላዩ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ታጣፊው የሕፃን አልጋ ከራሱ ጠንካራ ፍራሽ ጋር። ትራስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ ልቅ ጨርቅ የለም። ልጅቷ በጀርባዋ ትተኛ። ልብሷ ከሥር ስስ የጥጥ፣ በላዩ እግር ያለው ቱታ፣ ከዚያ እጅጌ የሌለው የመኝታ ከረጢት ይሁን። ከረጢቱን ገበያ ካላገኙ ከሽሮ ሜዳ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ገዝተው ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፉት፤ ከሥሩ የተዘጋ፣ ከእግሯ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ የአንገቱ ቀዳዳ ጭንቅላቷን የማያሰምጥ፣ ክርና ማሰሪያ የሌለው። ሙቀቷን በእጇና በእግሯ አይለኩ፤ የጨቅላ እጅ ጤነኛም ሆኖ ይቀዘቅዛል። ጣትዎን ማጅራቷ ላይ ወይም ደረቷ ላይ ያስገቡ፦ ለብ ካለ ደህና ነው፣ ላብ ካለ አንድ ልብስ ይቀንሱ፣ ከቀዘቀዘ ቆዳ ለቆዳ አድርገው ይቀፏትና ልብስ ይጨምሩ። አጎበሩ ከአልጋው ጠርዝ ወጣ ብሎ ይወጠር፤ ቆዳዋን ከነካ ትንኝ በቀዳዳው ትነክሳታለች።

ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይ አለች። በደጋ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ጨረሩ ብርቱ ነው፤ ስድስት ወር ላልሞላ ልጅ መከላከያው ጥላና ሰፊ ኮፍያ ነው፣ ቅባት አይደለም። አልጋዋን ወይም ጋሪዋን በጨርቅ አይሸፍኑ፣ ውስጡ ይታፈናል። ዛፍ ሥር ወይም ከፍ ብሎ በተወጠረ ሸራ ሥር ያኑሯት።

ለሁለት ሌሊት 25 ዳይፐር፣ በቀን ሦስት ቅያሪ ልብስ፣ ለእጅና ለመቀመጫዋ መታጠቢያ ብቻ በቀን 5 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ የተጠቀሙበትን ዳይፐር ወደ ከተማ የሚመልሱበት የሚታሰር ከረጢት፣ ቴርሞሜትር፣ የራስ መብራት። ለእርስዎ ደግሞ ሁለት ፔርሙስ፣ አንዱ የሞላ አጥሚት። ሌሊት ሦስቴ አራቴ የምታጠባ እናት በብርድ ውስጥ ሲርባትና ሲጠማት ወተቱም ጉልበቱም ይጎድላል፤ ባልየው ይህንን የራሱ ሥራ ያድርገው።

ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተኮሰ ሌላ ምልክት ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ከዚያ በላይ ላለ ልጅም ጡት እምቢ ማለት፣ መደንዘዝ፣ ፈጣን ትንፋሽ ወይም ትንፋሽ ሲወስድ ደረቱ ወደ ውስጥ መግባት ካለ እስኪነጋ አይታደርም። ስለዚህ ተሳቢ ካላችሁ እንደ ደረሳችሁ ከመኪናው ፍቱት፤ የመኪናው ፊት ወደ መውጫው ይዙር፣ የልጅቷ ወንበር እንደታሰረ ይደር። ተሳቢ ከኋላው ታስሮ፣ አፍንጫው ወደ ዛፍ ዞሮ ያደረ መኪና በጨለማ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለ አንድ አክስል ትንሽ ተሳቢ አለችን፤ ርዝመቷ ከነመጎተቻዋ 4 ሜትር ከ20፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ60፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ90። ድንኳን፣ ፍራሽ፣ የጋዝ ምድጃና የልጃችንን አልጋ የምንጭንባት ናት። ድሮ መንገድ ዳር ትቆም ነበር፤ የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ አይቻልም። አሁን ሦስት አማራጭ አለን፦ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ደላላ ያገኘልን ቃሊቲ ያለ አጥር ግቢ፣ ሱሉልታ ያለ የዘመድ ግቢ። ከሰኔ እስከ መስከረም የት ብትከርም ይሻላል? (አባት፣ ከልደታ)

መልስ፦ አራተኛ አማራጭ እንጨምርልዎ፤ ከሁሉ በፊት የራስዎን ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ በጽሑፍ ይጠይቁ። የጋራ ቦታ ስለሆነ ዝም ብለው ቢያቆሙ ጠብ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ መኪና ቦታ የማይበልጥ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ላይ የማይቆም፣ የውሃ ቦቴና የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ የማይዘጋ መሆኑን ለክተውና ሥለው ካቀረቡ ብዙ ኮሚቴ ይስማማል። ለአራት ወር ብቻ መሆኑንም ይጻፉ።

ካልሆነ ግቢ ሲመርጡ መጀመሪያ ወለሉን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን፣ ከዚያ ጥበቃውን ይዩ። ሰው ግን የሚጀምረው ከጥበቃው ነው።

ምድር ቤቱ ዘበኛ ስላለው ያጓጓል። ቁመቱን ሲለኩ በሩን ብቻ አይለኩ፤ ከጣሪያው በታች የወረደው ቧንቧና ቢም ነው የሚወስነው፣ 1 ሜትር ከ90 ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይኑር። መውረጃው ላይ ዳገቱ የሚሰበርበት ቦታ የተሳቢውን ጋንቾ መሬት ያስነካል። ክረምት ላይ ደግሞ ምድር ቤትን ደረቅ የሚያደርገው ፓምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፣ ውሃው ይገባል። የጋዝ ሲሊንደር ካለ ጨርሶ አይታሰብ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይጠራቀማል፣ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

ሱሉልታ በዘመድ ዓይን ሥር መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ሜዳው ግን ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት፣ እርጥበቱ የማይለቅ ነው፤ እንጦጦን ተሻግሮ ተሳቢ መጎተትም አለ። በዚያ ግቢ ሲሚንቶ ወለልና ጣሪያ ከሌለ አንመክርም። ቃሊቲ ዝቅ ስለሚል ሞቅ ይላል፣ ቶሎ ይደርቃል። ወለሉ ጠጠር ወይም ሲሚንቶ ከሆነ፣ ከወንዝ ዳርም ከራቀ የምንመርጠው እሱን ነው። ጥቁር አፈር ከሆነ ይተዉት፤ በሐምሌ ጎማው እስከ ቸርኬው ይሰምጣል፣ በመስከረም መኪናዎ ራሱ ገብቶ አያወጣውም። ግቢውን ከዝናብ በኋላ ሄደው ቢያዩት ደላላው ከሚነግርዎ የበለጠ ይነግርዎታል።

ውሉን በተመለከተ ኪራይና አደራ ይለያያሉ። ቦታ ብቻ ከተከራዩ የግቢው ባለቤት ቦታውን ሰጠ፣ አለቀ። ዕቃውን በአደራ ከተረከበ ግን የመጠበቅ ግዴታ ይወድቅበታል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ተረክቤያለሁ» የሚል ቃል ይኑር፤ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ታርጋው፣ ውስጡ ያለው ዕቃ ዝርዝር፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሆነ፣ በስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚወጣ ይጻፍ፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ፎቶ ከአራቱም ማዕዘን አንሱ። ሊብሬው ግቢው ውስጥ አይቀመጥ። የሦስተኛ ወገን መድን ለስርቆት አይከፍልም፤ ስርቆት የሚያሰጋዎት ከሆነ ለብቻው ይጠይቁ።

ሲያቆሙ ከጎማው ሥር ጣውላ ያንጥፉ። የእጅ ፍሬን ጎትተው አይተዉ፤ በአራት ወር እርጥበት የፍሬን ሸራው ታምቡሩ ላይ ይጣበቃል፣ መስከረም ላይ ጎማው አይዞርም። በፍሬን ፋንታ ከጎማው ፊትና ኋላ ታኮ ያድርጉ። ከተቻለ በክሪክ አንሥተው አክስሉን በብረት እግር ላይ ያሳርፉት፤ ማዕዘኖቹ ላይ ማሳረፍ ሻንሲውን ያጣምማል። ጋንቾው በኩል ትንሽ ከፍ ይበል፣ ውሃ ጣሪያው ላይ እንዳይተኛ። ጋንቾውን ከግንድ ወይም ከብረት ምሰሶ ጋር በሰንሰለትና በጥሩ ጓጉንቸር ያስሩት።

ከመርካቶ ሸራ ተራ ተገዝቶ የሚለብሰው ሸራ እስከ መሬት አይውረድ። በላስቲክ ጨርሶ አይሸፈን፤ ከሥሩ የሚነሣው እንፋሎት ላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ሸራው ከተሳቢው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በጣውላ ይወጠር፣ ጎኖቹ ይተንፍሱ። ባትሪውን ነቅለው ቤት ይውሰዱት፣ በየወሩ ይሙሉት፤ ቆሞ ከ12.4 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል። የጋዝ ሲሊንደሩ ወጥቶ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቆሞ ይቀመጥ። የውሃ ማጠራቀሚያው ይደፋ፣ ቧንቧው ክፍት ይተው።

ቆሎም ይሁን በሶ፣ አንዲት ፍርፋሪ አትቅር። አይጥ ስፖንጁን ይቦረቡራል፣ የመብራት ሽቦውን ይቆርጣል። ለዚህ ብላችሁ ግን ለብል የሚደረገውን ነጭ ናፍታሊን ከልጁ ብርድ ልብስና አጎበር ጋር አታስቀምጡ፤ ሽታው በጨርቁ ይያዛል፣ አንዳንድ ጨቅላዎች ላይ ቀይ የደም ሴሎችን የሚያፈርስ መርዝ ነው። የሕፃኑ አልጋ፣ አጎበርና ጨርቃ ጨርቅ ሁሉ ኮንዶሚኒየማችሁ ውስጥ ይክረም፤ ከአልጋ ሥር ይገባል። ድንኳኑም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይታጠፍ።

በመስከረም ስታወጡት ፍራሹን ፀሐይ ላይ አቁሙ፣ ተሳቢውን ለሦስት ቀን በሩን ከፍታችሁ አናፍሱት። የአይጥ ኩስ ካገኛችሁ በደረቁ አትጥረጉ፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ካራሳችሁ በኋላ በጨርቅ አንሡ። ሻጋታውን በሳሙናና ውሃ እጠቡ። በረኪናና ኮምጣጤ አንድ ላይ አይደባለቁም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሻጋታ ውስጡ የገባ ስፖንጅ ታጥቦ አይድንም፣ ይለወጥ። ከዚያ ሜካኒክ ኩሽኔታውን ፈትቶ ግሪስ ይቀይር፣ ጎማው ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ሰባት ዓመት የሞላው ጎማ ሕፃን በተቀመጠበት መኪና ኋላ አይጎተትም። በጉዞው 50 ኪሎ ሜትር ላይ ቆማችሁ የጎማ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፣ የቸርኬውን መሀል በእጅ ዳሱ፤ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ችግር አለበት፣ አትቀጥሉ።

ጥያቄ፦ አያት ነኝ። ልጄና ምራቴ የአምስት ወር የልጅ ልጄን ይዘው ዱር ሊያድሩ ነው፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ሲያልቅለት ማንደጃውን ወደ ድንኳኑ ብናስገባው ምን ክፋት አለው? ለልጁስ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ ባጠጣው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እናታችን፣ ከሰሉን እባክዎ አያስገቡት። ጭሱ ያለቀለት፣ ቀልቶ የነደደ ከሰል ነው ይበልጥ የሚያስፈራው፤ ሽታም መልክም የሌለው ጋዝ ይለቃል፣ በጋዙ የተመረዘ ሰው ራስ ምታትና እንቅልፍ እንጂ ሌላ አይሰማውም። ናይለን ድንኳን አየር አያሳልፍም፤ በሩን ትንሽ ገርበብ ማድረግ አይበቃም። በተሳቢው ውስጥም፣ በመኪና ውስጥም እንዲሁ ነው፤ የጋዝ ምድጃና ላምባም አይገባም። ፍሙ ጠፍቷል ተብሎ የሚታመነው አመድ ራሱ ሌሊቱን ጋዝ ይለቃልና ማንደጃው ከነአመዱ ከድንኳኑ ርቆ ይደር።

ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት የሚጠባ ልጅ ውሃ አይሰጠውም፣ በሙቀትም ቢሆን፤ ጡቱ ራሱ ውሃው ነው፣ በብዛት ይጥባ። የቆርቆሮ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ግን ውሃው መፍላት አለበት። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ በፔርሙስ ተይዞ ዱቄቱ በዚያ ሙቅ ውሃ ይበጥበጥ፣ ጡጦው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለብ ሲል ይጠጣ። ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ይደፋ።

መኝታውን ማሞቅ ከፈለጉ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በፎጣ ጠቅልለው ባዶው አልጋ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያኑሩት። ልጁን ከማስተኛትዎ በፊት ያውጡት፤ ፍራሹን በእጅዎ ይዳስሱት፣ ለብ ያለ እንጂ የሚሞቅ አይሁን። ቡናውንና ዕጣኑንም ነፋሱ ጭሱን ከድንኳኑ በሚያርቅበት በኩል፣ ልጁ ከታቀፈበት ራቅ አድርገው ያድርጉት።